የእግሩ ካሜራ

የስፌት መኪናው ትንሽ አምፖል እንደበራ ነበር። መርፌው ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው አጠገብ በጀርባዋ ወድቃለች። አንድ እጇ ወደ በሩ ተዘርግቷል። የመኪናው የብረት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ደም አለ፤ ብዙ አይደለም።

ኢንስፔክተሯ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። በአሥራ ስድስት ዓመት የምርመራ ሥራ ያላየችው አሟሟት የለም ማለት ይቻላል፤ የዚህችኛዋ ግን ክው አደረጋት። ያስደነገጣት ደሙ አልነበረም፤ በሟቿ አንገት ላይ የተንጠለጠለው መለኪያ ሜትር ነው። ሴትዮዋ ደንበኛ መጥቶባት ልትለካው ብድግ ያለች ትመስል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነው፤ ገመዱ ከኋላው ወለል ለወለል ተጎትቶ ቀርቷል። አያለቅስም። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሰው ዕቃ ይመስል አፍጥጦ ያያቸዋል።

«ወንድሟ ነህ?»

«ልጇ ብባል ይቀላል» አለ። «ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። እህቱ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ማሙሽ ነበር የምትለው። ከእሷ ተቀብሎ ሕንፃው በሙሉ ማሙሽ ይለዋል፤ ጢም ማብቀሉን ከቁም ነገር የቆጠረለት ሰው የለም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በጠባቡ ኮሪደር በግራ በኩል የእሷ የስፌት ክፍል፣ በቀኝ በኩል የእሱ የሙዚቃ ክፍል አለ። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው። ኢንስፔክተሯ ረግጣ ቆጠረችው።

በሙዚቃው ክፍል በር እጀታ ላይ ቀይ እራፊ ታስሯል። ጫፉ እንዳይተረተር በጥንቃቄ ተዘምዝሟል።

ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ቀረጻ ላይ ነኝ ማለት ነው አላት፤ የሰፋችለት እህቱ ናት፣ እራፊው ከታሰረ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማንም አያንኳኳም። ይህን ካለ በኋላ ከንፈሩን ነከሰ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኪቦርዶች ከላይና ከታች ተደርድረዋል። መብራቶች፣ ኮምፒውተር፣ ከኮርኒሱ በረጅም ዘንግ ቁልቁል የተንጠለጠለ ካሜራ። ማሙሽ ኑሮው ይኸው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፤ ይቀረጻል፤ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ፊቱ አይታይም። ሁለት መቶ ሺህ ተከታዮቹ የሚያውቁት ሁለት እጆቹን ብቻ ነው። የቻናሉ መኩሪያም አንድ ነገር ነው፦ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። መቁረጥ፣ መቀጠል፣ መጠገን የለም። አንዲት ጣት ከሳተች ቀረጻው ይጣልና እንደ አዲስ ይጀመራል።

«ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየተጫወትኩ ነበር» አለ። «የአሥራ ስድስት ደቂቃ ዜማ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ዛሬ ተሳካ። ልነግራት ስወጣ…»

«ምንም አልሰማህም?»

«ሄድፎን አድርጌ ነበር።»

ይህን ሲናገር እሷን ሳይሆን እጆቹን ነበር የሚያየው።

ሐኪሙ ብዙ አላወራም። ስትወድቅ የጭንቅላቷ ኋላ ብረቱን መቷል። ምቱ የሚገድል አይደለም። ራሷን ከሳተች በኋላ ግን በጀርባዋ ስለነበረች ምላሷ ወደ ኋላ ሄዶ ጉሮሮዋን ዘጋው። «ሰው ደርሶ በጎኗ ቢያዞራት ይበቃ ነበር» አለ፤ ጓንቱን እያወለቀ። ኢንስፔክተሯ ጻፈችው።

ከሥር ያለው ቤት የአንድ ጡረተኛ ነው። ሽማግሌው በማሙሽ ላይ ሦስት ጊዜ የጩኸት አቤቱታ ያስገቡ፣ ደረጃው ላይም በሰው ፊት «አንድ ቀን ወጥቼ እሰባብርልሃለሁ» ያሉ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ የተጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ግን በሽተኛ ነው፤ አንድ ፎቅ የሚወጡት ሁለት ጊዜ አርፈው ነው።

«ሙዚቃ ቢሆንማ በወደድኩ» አሉ። «ሙዚቃውን እሱ በጆሮው ይሰማዋል። ለእኔ የሚደርሰኝ ቁልፍ ሲመታ ቋ ቋ ቋ ብቻ። ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ጥሬ ስትለቅም ነው የሚመስለው።»

«ዛሬስ ምን ሰሙ አባባ?»

«ጭቅጭቅ ነበር። የእሷና የወንድ ድምፅ። ከዚያ ዱብ አለ። ቋቋታውም ቆመ፤ ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ ቀጠለ።»

«ወንዱ ማን ነበር?»

«እዚያ ቤት ከአንድ ወንድ ሌላ ማን አለ?»

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን መልስ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። ከዚያ በፊት ያለውን አልጻፈችም። በኋላ እጅግ የቆጫት ይኼ ነው።

የቤቱ በር ከውጭ ሲስቡት በራሱ የሚቆለፍ ነው። አልተሰበረም። ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ሞታለች። ጠዋት መነጋገራቸውንም ማሙሽ አልካደም። በቀረጻ ሰዓት አትጥሪኝ ብሏት ነበር። ለምን ትጠራው እንደነበር ተጠየቀ።

«ለምሳ ትጠራኛለች። ለሻይ ትጠራኛለች። ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ።»

ዕለቱን ማረፊያ ቤት ገባ።

የጣቢያው በር ጠባቂ ያንን ሲያይ አፉን ይዞ ቀረ። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከመስኮቱ ላይ አስደግፎ የማሙሽን ዜማ የሚሰማ፣ የጣቢያው ሰው ሁሉ በግድ እንዲሰማ የሚያደርግ ቀንደኛ አድናቂ ነው። «እነዚህ እጆች ሰው አይገድሉም ኢንስፔክተር» አላት። ስንት የሚያምሩ እጆች ምን ምን ሲሠሩ እንዳየች ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

በማግስቱ ኤዲተሩ መጣ።

የማሙሽ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ቪዲዮዎቹን የሚያዘጋጀውና የሚለጥፈው እሱ ነው፤ የቻናሉ የይለፍ ቃል እንኳ ያለው በእሱ እጅ ነው። ማሙሽ እህቱን ወድቃ ሲያገኛት መጀመሪያ የደወለው ለእሱ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ደረሰ። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊትም የካሜራውን ሚሞሪና የኮምፒውተሩን ድምፅ ይዞ ሄዷል።

«ማስረጃ ከቦታው ማንሳት ወንጀል እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ጓደኛዬን የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው» አለ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ቪዲዮውን ትናንት ማታውኑ ለጠፍኩት። ሕዝብ ይፍረድ ብዬ።»

ፍላሹን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካ። አብረው አዩ።

ሁለት እጆች ከጥቁር እጅጌ ወጡ። አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ከዚያ ቁልፎቹ ላይ አረፉ። ኢንስፔክተሯ ስለ ሙዚቃ አዋቂ ነኝ አትልም፤ ዜማው ግን ከወንበሯ አላንቀሳቀሳትም። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ እጆቹ ድንገት አየር ላይ ቆሙ። አራት ሰከንድ ያህል ፍጹም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ዜማው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሳታስበው ትንፋሿን ይዛ ኖሯል።

«ይቺን ቦታ ሰው እንዴት እንደወደዳት!» አለ ኤዲተሩ። «በአንድ ሌሊት አራት መቶ ኮሜንት፤ ግማሹ ስለዚች ዝምታ ነው። አየሽ ኢንስፔክተር፣ ጭቅጭቅ ቢኖር እዚህ ውስጥ አይሰማም ነበር? እትዬ ራሷ ናት የወደቀችው። ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ ገመድ ጠልፏት ይሆናል።»

ልታምነው ምንም አልቀራትም። ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። እጆቹ ወጡ። አጨበጨቡ።

እንደገና መለሰችው።

«ሲያጨበጭብ አየሁት» አለች። «ለምን አልሰማሁትም?»

ኤዲተሩ አስረዳት፤ አላማረለትም። ተመልካች የሚሰማው ድምፅ ከክፍሉ አይደለም፤ ከኪቦርዱ በገመድ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የገባው ነው። ካሜራው የክፍሉን ድምፅ ይቀዳል፤ እሱ ግን የቁልፍ ቋቋታ ብቻ ስለሆነ ይጣላል። ትናንትም እንደወትሮው ጥሎታል። ሚሞሪውንም አጽድቶታል።

«ስለዚህ እዚህ ውስጥ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም።»

«አ… አይሰማም።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚያጨበጭበው?»

«ልማድ ነው።»

ከመሄዱ በፊት፣ ከታሸገው ክፍል ጥቂት ዕቃዎቹን፣ ገመድ ምናምን፣ እንዲወስድ ጠየቃት። ሁለት ጊዜ ጠየቃት። አይቻልም አለችው።

ወደ ማሙሽ ሄዳ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ጭብጨባው ለምንድን ነው? ፊቱ ደም የሌለው መሰለ። «ልማድ ነው» አለ።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል በአንድ ዓይነት ድንጋጤ ሲናገሩ ነገሩ ከነከናት። ተማክረው ነው እንዳትል፣ ማሙሽ ከታሰረ ወዲህ ከጓደኛው ጋር አልተገናኘም። ጡረተኛው ያሉትም አሁን ገና ትዝ አላት። ጭቅጭቁ ሲሰማ ቋቋታው አልቆመም ነበር። የአሥራ ስድስት ደቂቃ ዜማ ጣት ሳይስቱ እየተጫወቱ እንዴት ሰው ይጣላል?

በሩ ላይ ጠባቂው አዲሱን ቪዲዮ እያየ አገኘችው።

«ያምራል» አላት፤ «ግን እግሩ የለም።»

«የምን እግር?»

«እግሩ ነዋ! ሌሎቹ ላይ እዚህ ጥግ፣ በትንሽ መስኮት፣ ፔዳል ሲረግጥ ይታያል። ይኸውልሽ ያለፈው ወር። በዚህኛው እግሩ የት ሄደ?»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ አየች። ከታች በቀኝ በኩል በካልሲ ብቻ የሆነ እግር ፔዳል ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለተኛ ካሜራ አለ ማለት ነው። ጭብጨባውም የሁለቱን ካሜራዎች ምስልና ድምፅ ለማገጣጠም ነው።

መኪና ሳትጠብቅ በእግሯ ሄደች።

ማኅተሙን ቀድዳ ገባች። ከኪቦርዱ ሥር ተንበረከከች። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ በላስቲክ ማቀፊያ ከኪቦርዱ ማቆሚያ እግር ጋር ታስሯል። ማቀፊያው በእጅ የተሰፋ ነው፤ ጥልፍልፍ ስፌቱ ከበሩ ቀይ እራፊ ጋር አንድ ነው። የስልኩ ባትሪ አልቋል። ትናንት የፈተሹት ሰዎች የሽቦ ማስቀመጫ መስሏቸው አልፈውታል።

ከዚያ ወደ ስፌት ክፍሉ ተሻገረች፤ ሦስት እርምጃ። ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላበት ቅርጫት አለ። አንድ በአንድ አወጣችው። ሁሉም ጥሬ ጨርቅ ነው። አንዱ ብቻ ያለቀለት ሆኖ ተገኘ፤ አዝራርና የአዝራር ቀዳዳ ያለው ጥቁር የእጅጌ ጫፍ። በመቀስ ተቆርጧል። ማሙሽ ለብሶት የታሰረው ጥቁር ሸሚዝ ሁለቱም እጅጌዎቹ ሙሉ ናቸው።

ስልኩ ጣቢያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ተደረገ። ሲከፈት ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ዘርግታ፣ ዓይኗን ብዕሯ ላይ ተክላ ሰማች። ምስሉን አላየችም። እግር ማየት ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ድምፅ ነበር።

ጭብጨባ። ቋ ቋ ቋ። ከዚያ ራቅ ብሎ በር ተከፈተ።

የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ከጠበቀችው በላይ ወጣት ነው። አልጮኸችም። ለተንኮለኛ ልጅ በምትናገርበት ቃና ነው የተናገረችው።

«ይሄ የማን ስፌት ነው? የእኔ ነው። ሁለታችሁንም ያለበስኳችሁ እኔ ነኝ። ቪዲዮው ላይ እጅጌውን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ እጁ ግን የማሙሽ አይደለም።»

«እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ሄድፎን አድርጓል። ሲጨርስ አንተ ራስህ ትነግረዋለህ፤ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ግን የእኔን ሥራ ለብሰህ አትሰርቅም። አምጣ እጅህን።»

መቀሱ ሲቆርጥ ተሰማ። ግብግብ። ዱብ። የሩጫ ኮቴ፤ የበር መዘጋት።

ቀጥሎ የመጣውን ኢንስፔክተሯ አልጠበቀችውም።

«ማሙሽ…»

ቀጭን ድምፅ ነው።

«ማሙሽዬ።»

ከዚያ ወዲያ ቋ ቋ ቋ ብቻ።

ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። መስኮቱን ከፍታ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ወንድሟን እየጠራች፣ ወንድሟ ጆሮው ውስጥ የራሱን ሙዚቃ እየሰማ ሞታለች። ያንን ምስኪን ሰው ሁለት ቀን ማሰሯ አሳፈራት።

ኤዲተሩ ከሰዓት በኋላ ተይዞ መጣ።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«እሷ ጋ አልሄድክም?»

«ሸሚዝ ላስተካክልልህ ብላ ደውላልኝ ነበር። አልሄድኩም።»

«ሸሚዙ የት አለ?»

«እ… ልብስ አጣቢ ጋ።»

የእጅጌውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይሄ የማሙሽ ነው» አለ። ምንም ሳትመልስለት ስልኩን ከፈተችው። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ወረደ። ልብስ ሰፊዋ «ማሙሽ» ስትል ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

«አልሰማሁም ነበር» አለ። «ይቺን አልሰማሁም። ሮጬ ወጥቻለሁ። ትነሳለች ብዬ ነው።»

ቀሪው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ማሙሽ አንዲት ጣት ሳተች ብሎ የሚጥላቸው ቀረጻዎች ለሌላው ሰው እንከን የለሽ ናቸው። ኤዲተሩ የተጣሉትን ይሰበስባል። ከዚያ ቤቱ ውስጥ፣ ገመዱ ባልተሰካ ኪቦርድ ላይ የራሱን እጆች በማሙሽ ድምፅ እያስመሰለ ይቀርጽ ነበር። በራሱ ስም ቻናል ከፈተ። ከተማው አጨበጨበለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ማሙሽ ብቻ አላየም፤ የሌላ ሰው ቪዲዮ የማየት ልማድ የለውም። በመጨረሻ ኤዲተሩ ትልቅ አዳራሽ ላይ እንዲጫወት ግብዣ መጣለት። እጮኛው ለዘመዶቿ ሁሉ ነገረች። አንድ ዜማ እንኳ አጣርቶ መጫወት የማይችለው ሰው እሺ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ያወቀችው በእጅጌው ነው። ጥቁር የሆነው እጆቹ ብቻ ጎልተው እንዲታዩ ነበር፤ የአዝራሩ ቀዳዳ ግን የእሷ የእጅ ሥራ ነው።

«ወንድሟ ቀረጻ ላይ ሳለ የሄድከው ለምንድን ነው?»

«አሥራ ስድስት ደቂቃ ከወንበሩ እንደማይነሳ ስለማውቅ» አለ። «እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም። እንዳትነግረው ልለምናት ነው። እጅጌዬን ስትቆርጠው ገፋኋት።»

የእግሩን ስልክ ያስታወሰው ክፍሉ ከታሸገ በኋላ ነበር። ጉዳዩ አለቀ። ኢንስፔክተሯ ማጠቃለያውን መጻፍ ጀመረች። የመውደቂያዋን ሰዓት በሰከንድ ለማስፈር ስልኩን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተች። ቆጣሪው ምስሉ ላይ ስለሆነ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን አልነቀለችም።

ግራጫ ካልሲ ያደረገ እግር ፔዳሉ ላይ ነው። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ጭቅጭቁ አለፈ፤ እግሩ ሥራውን ቀጠለ። ዱብ ሲል ጣቶቹ ተኮማተሩ። በሩ ተዘጋ።

«ማሙሽ…»

እግሩ ከፔዳሉ ተነሳ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

እግሩ አየር ላይ ተንጠለጠለ። የእግሩ ጣቶች ወደ በሩ ዞሩ። ተረከዙ ወለሉን ነካ፤ ሊቆም ነው።

«ማሙሽዬ።»

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

እግሩ ተመልሶ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠ። ዜማው ቀጠለ።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ከፊቷ ገልብጣ አስቀመጠችው። ቪዲዮው ላይ ትንፋሿን የያዘችባት፣ ሁለት መቶ ሰው ያደነቃት ዝምታ ይቺ ናት። ጡረተኛው ነግረዋት ነበር፤ ቋቋታው ቆመና ቀጠለ ብለዋት ነበር። አልጻፈችውም።

ማሙሽን አስጠራችው። የመፈቻውን ወረቀት ፊቱ አስቀመጠች። ጓደኛው እንዳመነ፣ በምን ምክንያት እንደሆነም ነገረችው። ሰማ። የጓደኛው ክህደት ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ይመስል ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «የእግሩ ስልክ ነጻ እንደሚያወጣህ ታውቅ ነበር። የጓደኛህ ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ። ሁለት ቀን ስትታሰር ለምን አልነገርከኝም?»

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው።

«አዩት?»

«አየሁት።»

እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጉያው ውስጥ ደበቃቸው።

«ክር እንዳስገባላት የጠራችኝ መሰለኝ» አለ። «የዜማው ለስለስ ያለ ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ድምፅዋ በሄድፎኑ አልፎ ተሰማኝ። ልነሳ ነበር። አሥራ ስምንተኛው ነው አልኩ። አንድም ጣት አልሳትኩም አልኩ። አሥር ደቂቃ ብትታገሰኝ ምናለ አልኩ። ተናደድኩባት ኢንስፔክተር። እየሞተች ተናደድኩባት።»

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ያለው ቃል በኢንስፔክተሯ ደብተር ውስጥ በራሷ እጅ ተጽፏል። በጎኗ ቢያዞራት። ማሙሽ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችው። ሕጉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለም። ብትፈልግም የምታስረው በምን ብላ ነው?

«አንድ ነገር ብቻ ይርዱኝ» አለ። «ቪዲዮው ይጥፋልኝ።»

የይለፍ ቃሉ ኤዲተሩ ጋ ነው። ኤዲተሩ ደግሞ ቃሉን ከሰጠ ወዲህ አፉን ዘግቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ቪዲዮው ማስረጃ ስለሆነ ማንም እንዲነካው አይፈቀድም። ይህን ሁሉ ነገረችው። ፈረመ። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን መለሱለት። ማሰሪያውን ሳያስገባ፣ ጫማውን እየጎተተ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ እስከ በሩ ሸኘችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጠባቂው ሲያየው በደስታ ብድግ አለ፤ እጁን ሊጨብጠው ዘረጋ። ማሙሽ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና መንገዱን ይዞ ሄደ።

«ብዬሽ አልነበር?» አለ ጠባቂው ተቀምጦ። «እነዚህ እጆች ሰው አይገድሉም። አንድ ሚሊዮን ሰው አይቶታል እኮ።»

ስልኩ መስኮቱ ላይ ተደግፏል። ዜማው እየሄደ ነው። ኢንስፔክተሯ ልታልፍ ስትል ሰውዬው እጇን ያዘ፤ በሌላው እጁ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ጸጥ እንድትል ምልክት ሰጣት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን መጣች» አላት። «ይቺን ቦታ ስሚልኝ።»